ያልነካነውን ሰው እንበድላለንን?

ሰው በእጁ ያልነካውን፣ በአፉ ያልሰደበውን፣ ከንብረቱም አንዲት ሣር ያልወሰደበትን ሰው ሊበድል ይችላልን? ጥያቄው ሲነበብ ቀላል ይመስላል። በደል ማለት መምታት፣ መስረቅ፣ መዋሸት፣ ስም ማጥፋት ነው ተብለን ስላደግን ብዙዎቻችን ወዲያው «አይችልም» ብለን ለመመለስ እንቸኩላለን። ይህን ጥያቄ እኛ አምስት ጓደኛሞች ካለፈው ጥር ወር ጀምሮ ስንከራከርበት ቆይተናል። ያነሣብን ደግሞ የፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን ከፎም የተሠራ አንድ ትንሽ አይሮፕላን ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በመጀመሪያ ስለ ፎም፣ ስለ ኮላና ስለ ባትሪ ጥቂት ብናወራ ታገሡን፤ ጥያቄው የተደበቀው እዚያው ውስጥ ነውና።

ከአምስታችን ሁለቱ ቡራዩ፣ ሁለቱ ሱሉልታ፣ አንዱ ሰበታ እንኖራለን። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ ይሁን እንጂ ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ ለእኛ ዛሬም አዲስ አበባን አቋርጦ ታክሲ ከታክሲ መቀያየር ነው። አይሮፕላኑን ያገኘነው ትምህርቱን ከጨረሰ አንድ የምህንድስና ተማሪ ነው። ፈረንጆች ግላይደር የሚሉት ዓይነት ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ቢጠፋም በረጅም ክንፉ እየተንሳፈፈ የሚወርድ፣ ከመሬት የሚነሣ ሞቃት አየር ካገኘ ደግሞ እንደ ጭልፊት እየዞረ የሚወጣ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቱ ከነባትሪው 800 ግራም ያህል ይሆናል። ሞተሩ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ፕሮፔለሩ የሚሽከረከረው ከክንፉ በስተኋላ ነው። ሰው በእጁ ወርውሮ ያስነሣዋል፣ ሌላው ቆሞ በሬዲዮ ይመራዋል።

ስንረከበው አፍንጫው ተሰብሮ፣ አንድ ክንፉም ጎብጦ ነበር። አፍንጫውን ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ካርቶን ውስጥ ባወጣነው ነጭ ፎም ቀርጸን ተካነው። እዚህ ላይ ለሚሞክር ሰው አንድ ምክር እንስጥ፤ ሱፐር ግሉ የሚባለው ማጣበቂያ ነጩን የማሸጊያ ፎም እንደ ጨው ያሟሟዋል፤ የእንጨት ኮላ ቀስ ብሎ ቢደርቅም አይጎዳውም። የጎበጠውን ክንፍ በሥሩ ቦይ አውጥተንለት ስንጥቅ ቀርከሃ ቀበርንበት። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን በክንፉ ላይ የጨመርነው ነው። አይሮፕላኑ ሲመረት በጅራቱ ብቻ የሚመራ ስለ ነበር ነፋስ ሲገፋው ለመታዘዝ ይዘገይ ነበር። ስለዚህ የሁለቱን ክንፎች የኋላ ጠርዝ በምላጭ ቆርጠን፣ በፕላስተር እንደ ማጠፊያ አድርገን መልሰን አያያዝነው፤ በእያንዳንዱም ሥር ሰርቮ የሚባለውን ትንሽ ሞተር አስገባን። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል፤ አይሮፕላኑም በፈለግነው ጎን ይጋደማል።

ሌላው ችግር የአገራችን ከፍታ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፍን የሚደግፈው በትንሹ ስለ ሆነ ያው አይሮፕላን እዚህ እንዲንሳፈፍ ከ10 እጅ በላይ ፈጥኖ መብረር አለበት፤ ሲያርፍም እንዲሁ ፈጥኖ ያርፋል። ሯጮቻችን ሳንባቸውን የሚያጠነክሩበት አየር ለእኛ አይሮፕላን ዕዳ ነው ማለት ነው። ፕሮፔለሩን በአንድ ኢንች በሚረዝም ቀየርነው፤ ባትሪውንም ወደ ፊት ገፋ አድርገን ሚዛኑን አስተካከልነው። ሚዛን ማለት ሁለት ጣት ከክንፉ ሥር አድርጎ ማንሣት ነው፤ ጣቶቹ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ የስፋቱ አንድ ሦስተኛ ላይ ሲሆኑ አይሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ከቆመ ይበራል፤ ጅራቱ ከወደቀ ግን ባይወረውሩት ይሻላል።

ሌላም ያደረግነው ነገር አለ። ሬዲዮው ከአይሮፕላኑ ጋር ያለው ግንኙነት ቢቋረጥ ሞተሩ በራሱ እንዲጠፋ አድርገን አዘጋጀነው። ፎም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ማንን ይጎዳል የሚል ሰው ካለ ይህን ሒሳብ ይመልከት፤ 800 ግራም የሆነ ነገር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲበር ያለው ኃይል፣ አንድ ኪሎ ድንጋይ ከ5 ሜትር ከፍታ ወድቆ መሬት ሲደርስ ካለው ኃይል ጋር የሚተካከል ነው። ሊቲየም የሚባለው ባትሪም ከተበሳ በእሳት ይያያዛል፤ የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ በበጋ ድርቆሽ የሚከመርበት ነው። ፈቃድም ያስፈልጋል። በአገራችን በሬዲዮ የሚመራ በራሪ ነገር ያለ ፈቃድ አይገባም፣ አይበርምም። እኛ ፈቃዱን ለማግኘት አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብናል፤ ወረቀታችን በየትኛው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንደ ከረመ መጻፍ ግን ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም።

አንዳንድ ታላላቆቻችን «ይህ ሁሉ ድካም ለጨዋታ ነውን? ወጣት ጊዜውን በቁም ነገር አያሳልፍምን?» ይሉናል። ይህን ወቀሳ በአክብሮት እንሰማዋለን፤ አንቀበለውም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1878 አንድ አሜሪካዊ የቤተ ክርስቲያን አባት፣ ቢሾፕ ሚልተን ራይት፣ ከመንገድ ሲመለሱ ለሁለት ልጆቻቸው ከቀርከሃ፣ ከቡሽና ከወረቀት የተሠራ፣ በላስቲክ ጥምዝ የሚበር መጫወቻ ይዘው ገቡ። ልጆቹ እስኪሰበር ተጫወቱበት፤ ሲሰበርም ራሳቸው ሌላ ሠሩ። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1903 እ.ኤ.አ.፣ እነዚያው ኦርቪልና ዊልበር ራይት 12 ሴኮንድ የቆየውንና 36 ሜትር ያህል የሸፈነውን በረራ አደረጉ። በመካከሉ ግን ለዓመታት ተንሳፋፊ አይሮፕላን ሲሠሩ፣ ሲቆርጡ፣ ሲለውጡ ነው የኖሩት፤ በ1902 በማይንቀሳቀስ ጅራት የጀመሩትን የሚንቀሳቀስ ያደረጉትም በዚሁ ሙከራ ነው። ከእኛም አገር አስመላሽ ዘፈሩን ማንሣት እንችላለን። ለአብራሪነት ትምህርት ሲያመለክት በቁመት አንድ ሳንቲ ሜትር ጎደለህ ተብሎ የተመለሰ ሰው ነው። እርሱ ግን በ2007 ዓ.ም በአሮጌ የቮልስዋገን ሞተር የሚሠራ አይሮፕላን በገዛ እጁ ገጣጥሞ ለሕዝብ አሳየ፤ ስሙንም ከእናቱ ስም የመጀመሪያ ፊደልና ከፈጀበት 570 ቀን ወስዶ ኬ-570ኤ አለው። አይሮፕላኑ ምን ያህል በረረ የሚለው ለእኛ ዋናው ነገር አይደለም። አንድ ሰው በእምቢታ ፊት ቆሞ በትዕግሥት ከብረት ጋር 570 ቀን መዋሉ ከቁም ነገር የሚቆጠር ይመስለናል። ስለዚህ ጨዋታችንን አናፍርበትም። ክርክራችን የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፣ ሱሉልታ፣ ባለ ይዞታውን አስፈቅደን፣ ሣሩ ታጭዶ ባለቀበት ሜዳ ላይ እናበር ነበር። አየሩ ጥሩ ነበር፤ ሞተሩን አጥፍተን በሞቃት አየር ብቻ ወደ ላይ እየዞርን ነበር። በሦስተኛው ዙር ላይ ሞተሩን ስናስነሣ ከሜዳው ማዶ ካሉት አዳዲስ ቤቶች ከአንዱ ደጃፍ አንዲት እናት ወጥታ ሽቅብ አየች። ከዚያም በሩጫ ወደ ውጭ መጣች፤ ሲጫወቱ የነበሩትን ሁለት ልጆች በክንዳቸው ይዛ ወደ ቤት አስገባች፤ በሩንም ዘጋች። የቆርቆሮው በር ድምፅ እኛ ዘንድ ድረስ ተሰማ። አሳረፍነው። ሜዳውን የፈቀዱልን አባት በኋላ እንደ ነገሩን ሴትየዋ ጦርነት ካለበት አገር ተፈናቅላ የመጣች ናት። ከየትኛው አካባቢ እንደ ሆነ አንጽፍም፤ ጽሑፉ የሚመለከተው የሰማችውን ድምፅ እንጂ የመጣችበትን ወገን አይደለምና።

አንባቢያን እንደምታውቁት ከ2013 ዓ.ም መጀመሪያ ጀምሮ በአገራችን በተደረጉት ጦርነቶች ሰው አልባ አይሮፕላን የጦር መሣሪያ ሆኖ ውሏል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም መጨረሻ፣ በገና ሰሞን፣ ትግራይ ውስጥ ደደቢት በሚባል ስፍራ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ላይ በደረሰው ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከዚያ ወዲህም በሌሎች ክልሎች ሰላማዊ ሰዎች በዚሁ መሣሪያ ሞተዋል። ከእነዚያ አይሮፕላኖች አንዳንዶቹ ረጅም ቀጥ ያለ ክንፍና ከኋላ የሚሽከረከር ፕሮፔለር ያላቸው ናቸው። የእኛም እንዲሁ ነው። መጠኑ በእርግጥ የትየለሌ ይለያያል፤ ነገር ግን በባዶ ሰማይ ላይ ያለን ነገር መጠንና ርቀት በዓይን መለየት ለማንም ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ያችን እናት አልነካናትም። ከሜዳው ድንበር አልወጣንም። ከቤቷም በላይ አልበረርንም። ፈቃድ ነበረን። በድለናታልን?

ከመካከላችን አንዱ ወዲያው የሰጠው መልስ የሕግ መልስ ነው። ሰማይ የግለሰብ አይደለም አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 ከ50 የሚበልጡ አገሮች ቺካጎ ላይ የፈረሙት ስምምነት እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው የአየር ክልል ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይናገራል፤ ኢትዮጵያም የዚያ ጉባኤ ተሳታፊ ነበረች። መንግሥት ከፈቀደ ሌላ ባለቤት የለም፣ ባለቤት ከሌለ ተበዳይ የለም የሚል ነው የክርክሩ አካሄድ። ለጊዜው ሁላችንንም ዝም አሰኝቶን ነበር።

ሆኖም ሕግ ራሱ እንኳ ይህን ያህል ደረቅ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ፣ በኖርዝ ካሮላይና፣ ቶማስ ኮዝቢ የሚባል ዶሮ አርቢ ነበር። የጦር አይሮፕላኖች ከእርሻው አጠገብ ካለው ሜዳ ሲነሡና ሲያርፉ ከመሬቱ 25 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብለው ያልፉ ነበር። ዶሮዎቹ በድንጋጤ ከግድግዳ እየተላተሙ 150 ያህል አለቁበት፤ እርሱና ሚስቱም እንቅልፍ አጡ። አንድም አይሮፕላን አልነካቸውም። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1946 እ.ኤ.አ. ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ መሬት ያለው ሰው እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ ባለቤት ነው የሚለው ጥንታዊ አባባል በአይሮፕላን ዘመን አይሠራም አለ፤ ነገር ግን ሰው በመሬቱ ላይ ለመኖር የሚያስፈልገው ያህል ከበላዩ ያለው አየር የራሱ ነው ብሎ ለኮዝቢ ካሣ እንዲከፈለው ፈረደ። እንግዲህ ማስደንገጥ ጉዳት መሆኑን፣ ያልነኩትንም ሰው መጉዳት እንደሚቻል ሕግ ካወቀ ሰማንያ ዓመት ሊሆነው ነው። የዶሮ ድንጋጤ በካሣ ከተቆጠረ የእናት ድንጋጤ እንዴት አይቆጠርም?

ሁለተኛው መልስ ከዚህ የጠነከረ ነው። ከእኛ መካከል በንባብ የሚበልጠን ጓደኛችን እንዲህ አለ፤ «ሰው ሁሉ በሚፈራው ነገር ላይ ሥልጣን ከተሰጠው በዓለም ምንም ነገር አይጀመርም። ፍርሃት በማስረዳት የሚድን በሽታ ነው እንጂ የሚታዘዙት ሕግ አይደለም።» ምሳሌም አመጣ። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1915 ዓ.ም ኤደን ላይ በእንግሊዝ አይሮፕላን ሲወጡ በኢትዮጵያ አይሮፕላን አልነበረም። የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የሚባለው፣ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ነው። ያን ዕለት ሽቅብ አይቶ የሸሸ ሰው ቢኖር ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን በዚያ ሰው ፍርሃት ተይዘን ብንቀር ኖሮ ዛሬ የምንኮራበት አየር መንገድ ከየት ይመጣ ነበር?

ስለዚህ መልስ ብዙ አሰብን። እውነት አለበት፤ ግን ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ፍርሃት ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ከማወቅ የሚመጣ ነው። በ1921 ዓ.ም የሸሸው ሰው ቢኖር የሸሸው አይቶት ከማያውቀው ነገር ነው፤ ቀርቦ ቢያየው፣ ክንፉን ቢዳስሰው፣ ፍርሃቱ ይለቀዋል። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። መስከረም 1928 ዓ.ም የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ዐድዋንና ዐዲግራትን ደበደቡ፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም ደሴ ተደበደበች፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ከዚያም የሚያቃጥል መርዝ ከሰማይ ተረጨ። ከዚያ በኋላ የአይሮፕላን ድምፅ ሰምቶ ወደ ዋሻ የሮጠ ገበሬ አላዋቂ ሊባል አይችልም፤ ከማንም ይልቅ የሚያውቅ እርሱ ነው። ፍርሃቱ የተማረው ትምህርት ነው። እርሱን «አትፍራ፣ ላስረዳህ» ማለት ያየውን አላየህም ማለት ይሆናል።

በዚያው በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ምን ይሠራ እንደ ነበር ስናነብ ተገረምን። ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአገራችን የመጀመሪያ የሆነችውን አይሮፕላን ሠርቶ ያበረረው ያን ጊዜ ነው። ስሟ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለ። ወራሪው ወሰዳት፤ በኢጣሊያ ሙዚየም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ያቺ ትንሽ አይሮፕላን በጎ ነገር ነበረች፣ እኛም እንወዳታለን። ይሁንና በዚያ ዓመት ከደሴ ሸሽታ አዲስ አበባ የገባች አንዲት እናት ብትኖርና ፀሐይ በራሷ ላይ ስታልፍ ብትሰማ፣ የአብራሪው ልብ ንጹሕ መሆኑ ለእርሷ ምን ይፈይድላት ነበር? የአብራሪው ንጽሕና በአብራሪው ውስጥ ነው፤ እርሷ ዘንድ የሚደርሰው ድምፁ ብቻ ነው።

ሦስተኛ መልስ ደግሞ የእጅ ሙያ መልስ ነበር፤ በእውነቱ እኛ ወጣቶች ከማሰብ ይልቅ መቁረጥና መለጠፍ ይቀለናል። አይሮፕላኑን እንለውጠው አልን። ክንፉን ከሩቅ እንዲለይ ደማቅ ቢጫና ቀይ ቀባነው። ፕሮፔለሩን ቀስ ብሎ በሚዞርና ድምፁ በሚቀንስ ለወጥነው። ከ60 ሜትር በላይ ሲወጣ ሞተሩን አጥፍተን በነፋስ ብቻ እንዲንሳፈፍ ተስማማን። በሥራችን ረክተን ለእኒያ ለባለ ሜዳው አባት አሳየናቸው። እርሳቸውም ክንፉን እያገላበጡ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ቀለሙ ያምራል። ድምፁ የጠፋው ግን ለማን ብላችሁ ነው? ጅብ እንኳ ሲጮኽ የት እንዳለ ታውቃለህ፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው» አሉን።

ይህ ንግግር ከአንድ ወር ክርክራችን ይበልጥ አስተምሮናል። ዝምታ ጨዋነት የሚሆነው ሰውየው ዝም ያልከው ማን እንደ ሆንህ ሲያውቅ ነው። የማይታወቅ ነገር ሲጮኽም ዝም ሲልም ያስፈራል። ስለዚህ ችግሩ በፕሮፔለሩ ውስጥ አልነበረም፤ በእኛና በእርሷ መካከል ነበር። እኛ እርሷን እናያታለን፣ እርሷ እኛን አታየንም፤ እኛ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን፣ እርሷ አታውቅም፤ እኛ ስንፈልግ እናቆማለን፣ እርሷ ማስቆም አትችልም። በሰማይ ላይ ያለ ነገር ከታች ላለው ሰው የሚከብደው በዚህ ሁሉ ይመስለናል። በደሉም፣ ካለ፣ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውን በማያውቀውና ሊመልሰው በማይችለው ነገር ሥር ማስቀመጥ።

ነገር ግን «የፈራ ሁሉ ይከልክል» ወደ ማለት አልደረስንም። በሩዋንዳ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው አልባ አይሮፕላኖች ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ደም ያደርሳሉ። በወሊድ ደም የሚፈስሳት ሴት እየጠበቀች አንድ ሰው ድምፁን ፈራሁ ቢል፣ ሄደን እናስረዳዋለን፣ እናጽናናዋለን፣ ይቅርታም እንጠይቀዋለን፤ ነገር ግን አይሮፕላኑ ይነሣል። የሚያስፈልገው ነገር ሲከብድ የሌላው ሰው ሸክም ሊጨምር ይችላል። የእኛ ግን ጨዋታ ነው። ጨዋታን ከቁም ነገር ቆጥረን ቀደም ሲል ተከራክረንለታል፤ አሁንም አንተወውም። ሆኖም የጨዋታ ዋጋ ከተጫዋቹ ኪስ መከፈል አለበት እንጂ በር ዘግታ ከምትቀመጥ ሴት ጸጥታ ላይ ሊቆረስ አይገባም። ሜዳ መቀየር፣ ሁለት ሰዓት በእግር መሄድ፣ ጥሩ ነፋስ ያለበትን ቅዳሜ ማሳለፍ፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ይከብዳል፣ ግን የሚከብደው ለእኛ ነው።

እዚህ ላይ አምስታችንም አንድ አይደለንም። በንባብ የሚበልጠን ጓደኛችን አሁንም ይከራከራል። «ከሜዳው ዙሪያ ሃያ ቤት ቢኖርና ዐሥራ ዘጠኙ ቢፈቅዱ፣ አንዷ ብትከለክል፣ የዐሥራ ዘጠኙ ልጆች ደስታስ?» ይላል። ልጆቹ በእርግጥ ይደሰታሉ፤ አይሮፕላኑ ሲነሣ እየሮጡ የሚከተሉት እነርሱ ናቸው። የቀረነው አራታችን የምንመልስለት ፈቃድ እንደ ድምፅ መስጫ ወረቀት አይደመርም ብለን ነው። የዐሥራ ዘጠኙ ፈቃድ ለዐሥራ ዘጠኙ ቤቶች ነው፤ ወደ ሃያኛው ቤት ተሻግሮ የዚያችን እናት ልብ አያሳርፍም። እርሱም «እንደዚያ ከሆነ አንድ ክፉ ጎረቤት ሰፈርን ሁሉ ያስራል» ይለናል። ይህም እውነት ነው። ክፉ ጎረቤትንና የቆሰለ ጎረቤትን ከሩቅ መለየት ስለማይቻል ቀርቦ መጠየቅ ግድ ነው ከማለት በቀር እስካሁን የተሻለ መልስ አላገኘንለትም።

ስለዚህ አሁን ከማብረራችን በፊት በየቤቱ እንዞራለን። አይሮፕላኑን ተሸክመን ነው የምንዞረው፤ ሰው እንዲያነሣው፣ እንዲመዝነው፣ ሞተሩን በእጃችን ይዘን ስናስነሣ ድምፁን እንዲሰማ። አንዳንዶቹ ይስቁብናል። አንድ አባት ገዝተው ለልጃቸው ሊሰጡት ዋጋ ጠየቁን። አንዲት አሮጊት «የእኔ ላም እርጉዝ ናት፣ እስክትወልድ ታገሡኝ» አሉ፤ ታገሥን፣ ጥጃዋንም አየን። በሰበታ በኩል፣ በወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ ያየነው ሜዳ ለነፋስ ከሱሉልታ የተሻለ ነው፤ ቤቶቹ ግን ስለ ተቀራረቡ ለማስፈቀድ ብቻ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ገፈርሳ ግድብ አካባቢ ያለውን ግን ትተነዋል፤ ከተማ የሚጠጣው ውኃ ላይ ባትሪ መጣል አንፈልግም።

ያችን እናት ግን እንዲህ ተሰብስበን ልንጠይቃት አልደፈርንም። አምስት ወጣት ወንዶች ደጇ ላይ ቆመው «እንፈቀድ?» ቢሏት እምቢ ለማለት ምን ያህል ነፃ ትሆናለች? ስለዚህ ከጓደኞቻችን የአንዱ እናት ቡና ጠርታት እንድታጫውታት ለመንናት፤ ተጫውተዋል፤ ስለ አይሮፕላኑ ተነግሯታል። «ልጆቹ ልጆች ናቸው፣ ምን አደረጉኝ» ነው ያለችው። ይህን መልስ ፈቃድ ነው ብለን ለመውሰድ አልቻልንም። ቤቷ ከሚታይበት ሜዳ ላይ እስካሁን አላበረርንም።

ሁለተኛው ልጇ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ባለፈው ሳምንት ከሱቅ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘን። ቢጫውን ክንፍ አይቶ ተከተለን። «እኔ ልወርውረው?» አለ። እናትህን አስፈቅደህ ና አልነው። እየሮጠ ሄደ፤ እስክንጨልም ጠበቅነው፤ አልተመለሰም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው መንገድ ላይ፣ ሜዳውን ትተን፣ ክንፉን ነቅለን ይዘን እንቆማለን ብለናል።